የካሱባ ቅዳሜዎች

ኦገስት 2

ሐኪሙ ዛሬ ለእኔና ለባለቤቴ ለካሱባ ቁርጡን ነገረን። እብጠቱ ማንቁርቷ ላይ ነው፤ የጨረር ሕክምናው አላጠፋውም፤ ስለዚህ ማንቁርቷ ተቆርጦ ይወጣል። በሕይወት ትኖራለች። መናገር ግን አይኖርም። ይህን ሲል የሚያየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ነበር። ሰው ሴትን ድምፅሽን ልወስድ ነው ሲላት ቢያንስ ዓይኗን ማየት አለበት፤ ነገርኩት። ካሱባ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ስለ ሰው ሠራሽ ድምፅ ጠየቅሁ። ደቡብ አፍሪካ አለ አለኝ፤ ጨረቃ ላይ አለ በሚል አነጋገር። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀዶ ጥገናው ኦክቶበር ውስጥ ነው፤ ቀኑን ደውለው ይነግሩናል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ቲማቲም አወራች። ሻከር አለ እንጂ ድምፅዋ አለ። እኔ መንገዱን አያለሁ።

ኦገስት 4፣ እሑድ

ካሱባ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ተቀምጣ የሰው ቤት ጣጣ ስትሰማ ኖራለች። ባል ይደውላል፣ ሚስት ትደውላለች፣ አማት ትደውላለች። ታስጨርሳቸዋለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ትፈርዳለች። ሚኒባስ ተሳፍራ አፏን ከከፈተች ሾፌሩ ዞሮ ያያታል። አምና ጣቢያው ሕንፃ ሲለቅ የድሮ ቅጂዎቹን ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር ሊጥላቸው ነበር። እሷው ሄዳ፣ ሁሉም የተገለበጠበትን አንድ ዲስክ ወገቧ ላይ በምታሸርጠው ጨርቅ፣ በቺቴንጌዋ ቋጥራ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ በልብሶቿ መካከል ተኝቷል። ሌላ ቅጂ በምድር ላይ የለም።

አንድ ዲስክ። እኔ የመሬት ቅየሳ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ የተለካ አልተለካም ስል ኖሬአለሁ። ዲስክ ደግሞ ይሞታል፤ ሲሞትም አያስታምሙትም።

ወሰንኩ። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የፋይል ማስቀመጫ ሰርቨር እሠራለሁ፤ ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት። ሁለት ዲስክ ይኖረዋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው በስልኩ ከፍቶ ይሰማዋል፤ ኪትዌ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ቾላም እዚያው ሆና ትሰማዋለች። አንድ ባልደረባዬ ኢንተርኔት ላይ በወር ኪራይ አስቀምጠው አለኝ፤ አሳፈርኩት። የሚስቴን ድምፅ በባዕድ ጎተራ አላስቀምጥም።

ለካሱባ ነገርኳት። መልካም አለች። ቆሻሻውን ግን የቾላ ክፍል ውስጥ አድርገው አለችኝ።

ኦገስት 9

ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። ሰውነቱ ደህና ነው፤ ውስጡ የሦስት መሥሪያ ቤት አቧራ አለበት። አዲሱን ትልቅ ዲስክ ግን ከነማሸጊያው ገዛሁ።

ከመኪና ሳወርድ ጎረቤቴ ሶኮ በአጥሩ ላይ አየኝ። ሶኮ በነገዱ ንጎኒ ነው፣ እኔና ካሱባ ቤምባ። አያቶቻችን ተዋግተው ስለታረቁ፣ ሊሰድበኝ መብት አለው፣ እኔም ልሰድበው፤ በሠርግም፣ በለቅሶም። እነሱ እኛን ጦጣ በሊታ ይሉናል፣ እኛ እነሱን አይጥ በሊታ። ከጉምሩክ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን መብት ሳይጠቀምበት የዋለበት ቀን የለም።

«ካሱባ፣ ነይ እይ፤ ጦጣ በሊታው የብረት ሬሳ ይዞ መጣ» አለ።

«አይጥ በሊታ ሽታው ስቦት ነው» አልኩት።

ካሱባ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች። ከዚያ ሳሉ ያዛት። ሁለታችንም ሳጥኑን ይዘን እስኪያልፍላት ቆምን።

ኦገስት 13

መብራት የለም። የካሪባ ግድብ ደርቋል ይሉናል። አንድ ቀን በሙሉ ያለ ሥራ። ዲስኩን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ኦገስት 17

መብራት ሊነጋጋ ሲል መጣ። ተነሣሁ፤ ሊኑክስን ጫንኩ።

ኢንተርኔት ላይ መመሪያ የሚጽፉትን ሰዎች አንድ ቀን ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ሁሉም «ይህ ቀላል ነው» ብለው ይጀምራሉ። አራተኛው ትዕዛዝ ላይ ሁለተኛው ስህተት እንደነበረ ይነግሩሃል። ካርታ እንደዚህ ቢሠራ ኖሮ ወንዙ ገበያ መሃል ይወጣ ነበር።

ማኅደር ሠራሁ፤ ስሙን «ካሱባ» አልኩት። ልከፍተው ስሞክር ማሽኑ አልተፈቀደልህም አለኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማሽኔ፣ እኔው የሠራሁትን። ጮክ ብዬ ሰደብኩት መሰለኝ፤ ካሱባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን ነው የከለከለህ?»

«እኔው ነኝ» አልኳት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ማኅደሩን በአንድ ስም ሠርቼ በሌላ ስም ገብቼ ነው።

ራስህን የምትከለክል ከሆነ ና ሻይ ጠጣ አለችኝ። ፈቃዱን ካስተካከልኩ በኋላ አልኩ። አስተካከልኩ። ስወጣ ሻዩ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሷ ተኝታለች።

ኦገስት 24፣ ቅዳሜ

ቅጂው ተጠናቀቀ። የጣቢያው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ አሁን አዲሱ ዲስክ ላይ አለ። በዚያ አላበቃሁም፤ ፋይል በፋይል ሁለቱን የሚያስተያይ ትዕዛዝ ሰጠሁ። ልዩነት የለም። እንዲህ ነው ሥራ።

ካሱባ ወንበር ይዛ መጣች። ቅዳሜ አይደል፣ አንዱን ክፈትልኝ አለች። ስማቸው ሁሉ የተዘበራረቀ ነው፤ ከጣቢያው ሲመጣ ያልታረመ ፊደል፣ የተሳሳተ ቀን። እንዲህ ሆኖ እንዲሰማ አልፈልግም። መጀመሪያ ሥርዓቱ ይቁም፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰማን ስም እንሰጣቸዋለን አልኳት። ትንሽ ተቀመጠች። የማሽኑን ማራገቢያ አዳመጠች። ከዚያ ወንበሩን ይዛ ወጣች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ገና አልተነገረንም። ጊዜ አለ።

ኦገስት 30

ለሁለተኛው ዲስክ ሌላ መግዛት አላስፈለገኝም። የጣቢያው ዲስክ አለ፤ መጠኑም ይበቃል። ይዘቱ አዲሱ ላይ ስለተገለበጠና ስለተረጋገጠ አጽድቼ በሊኑክስ አሠራር ደግሜ አዘጋጀሁት፤ ከዚያ ከአዲሱ መልሼ ገለበጥኩበት። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

ካሱባ ዲስኩን ከቁም ሳጥኗ ስወስድ ለምን እንደማጸዳው ጠይቃኝ ነበር። እንዳለ ብትተወው ምን ይላል አለች። ሁለት ዲስክ ሁለት ዓይነት አሠራር ይዞ አንድ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ትክክል እንዳልሆነ አስረዳኋት። ረጅም ማብራሪያ ነበር። እሺ አለች።

ሴፕቴምበር 3

ሶኮ ጣሪያው ላይ ካለው የፀሐይ ኃይል አንድ ሽቦ በአጥሩ ላይ ላሳልፍልህ አለኝ። የመንግሥት መብራት ሲሄድና ሲመጣ ብረትህን ያቃጥልብሃል አለ። የአይጥ በሊታ ፀሐይ አልፈልግም አልኩት። ባትሪ አለኝ። ባትሪው ትንሽ ደከም ብሏል፤ ግን አለኝ።

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

ቾላ ከኪትዌ በስልኳ ገባች። ሠራ። ከኪትዌ ሆና የእናቷን ማኅደር አየችው። ሥርዓቱን አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ሁለቱ ዲስኮች፣ የይለፍ ቃሉ፣ ጎህ ሲቀድ የሚነሣው ትዕዛዝ። ሁሉንም ሰምታ «አባዬ፣ እማዬ ግን እንዴት ነች?» አለች። እየነገርኳት እኮ ነው።

ቆይታ ከእናቷ ጋር ስታወራ ግድግዳው ስስ ነውና ሰማሁ። ካሱባ «ተዪው» አለቻት። «አባትሽ ሲያዝን ብሎን ይፈታል። እናቱ የሞተች ዕለት የመኪናውን በር አውልቆ ነበር።»

በሩ ዘይት ያስፈልገው ነበር።

ሴፕቴምበር 12

ስለ ጎህ ትዕዛዙ እዚህ ልመዝግብ፤ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ መብራት በሚኖርበት ሰዓት፣ ማሽኑ «ካሱባ» የሚለውን ማኅደር ያያል። ትልቁ ዲስክ ማሽኑ ሲነሣ እዚያ ማኅደር ላይ ይገጠማል። በዚያ ያለውን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይገለብጣል። ሁለተኛው ላይ ኖሮ መጀመሪያው ላይ የሌለ ነገር ካገኘ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ሁለቱ ምንጊዜም ልክ እንደ ፊትና መስታወት ናቸው።

ንሺማውን፣ ድርቅ ያለውን የበቆሎ ገንፎ፣ መዋጥ አቅቷታል። ቀጠን ያለ ገንፎ በለውዝና ሙንኮዮ የሚባለው የበቆሎ መጠጥ ብቻ ነው የሚወርድላት። ያወቅሁት ሳህኑን አይቼ ነው።

ሴፕቴምበር 19

መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አምፖሎቹ ነጭ ሆኑ። ፍሪጁ ጮኸ። ሮጥኩ። ሳጥኑ ራሱ ተነሥቷል፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል። ተርፏል። ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ነው፤ ሄድኩ።

ሴፕቴምበር 20

ባዶ ነው።

ሁለቱም።

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

የሆነው ይህ ነው።

ከትናንት በስቲያ መብራቱ ሲዘል ትልቁ ዲስክ ተቃጠለ። ማሽኑ ያለ እሱ ተነሣ። «ካሱባ» የሚለው ማኅደር ግን የማሽኑ የራሱ ስለሆነ ቦታው ላይ አለ፤ ዕቃው እንደወጣ ክፍል ባዶውን። ጎህ ሲቀድ ትዕዛዙ ሰዓቱን ጠብቆ ተነሣ፣ ማኅደሩን አየ፣ ባዶ አገኘው፣ ሁለተኛውን ዲስክም ልክ እንደ እሱ አደረገው። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ፣ በታማኝነት።

አንድ መስመር ነበር የጎደለው። «ዲስኩ ካልተገጠመ ተው» የሚል አንድ መስመር። የልኬት ዙሪያህን ወደ ጀመርክበት ነጥብ ተመልሰህ ካልዘጋህ ሥራህን አልቀበልም ብዬ ስንቱን ተማሪ ጥያለሁ። እኔ አልዘጋሁም። መስታወት ደግሞ መጠባበቂያ አይደለም፤ ፊት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን አሁን በየመመሪያው ላይ አገኘዋለሁ፤ በጉልህ ተጽፏል። ሳነበው ኖሬአለሁ። ሌሎች ሰዎችን የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

የጣቢያውን ዲስክ ደግሞ በእጄ አጸዳሁት።

ሁለተኛውን ዲስክ ከማሽኑ ነቅዬ አስቀምጫለሁ፤ ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት።

አልነገርኳትም። ዛሬም ጠዋት ሥርዓቱ ቆመ ወይ አለችኝ። ሊቆም ነው አልኩ።

ሴፕቴምበር 23

ከሆስፒታል ደወሉ። ኦክቶበር ስምንት።

የተቃጠለውን ዲስክ ከተማ ወስጄ ለሁለት ሰው አሳየሁት። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛው በጆሮው አዳምጦ መለሰልኝ።

ሴፕቴምበር 24

ሶኮ መጣ። የቾላ ክፍል ውስጥ የተፈታውን ሳጥን አየና በሩን ዘጋ። ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከሰው ሁሉ ለእሱ ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። ምናልባት የሚያጽናናኝ ሰው ስላልፈለግሁ ይሆናል።

አላጽናናኝም። አልጋው ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ።

«አንተ ጦጣ በሊታ፣ ሴትየዋ እኮ በሕይወት አለች። ድምፅዋ ዛሬ ጠዋት አጥር ዘሎ እኔ ዘንድ መጥቷል፤ ውሻዬን ስትሰድብ ሰማኋት። ከውሻዬ ጋር አወራች። አንተ የት ነበርክ? የሞተ ዲስክ ስታጥብ። ሚስትህን ለእኔ ስጠኝና አንተ ሳጥንህን አግባ፤ እኔ ቢያንስ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ።»

ሌላ ሰው ቢለኝ ከቤቴ አስወጣው ነበር። እሱን ማስወጣት አይቻልም። አያቶቻችን ዘግተውታል።

ሲወጣ በረንዳው ላይ ካሱባን ሰላም አላት፤ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ለአማቱ እንደሚንበረከክ፣ ሊያስቃት። ሳቀች።

ከዚያ ሄጄ ነገርኳት። ለውዝ ትፈለፍል ነበር። ቆሜ ነው የነገርኳት። «ሁሉም?» አለች። ሁሉም አልኳት። መፈልፈሏን ቀጠለች። ብዙ ፈለፈለች።

«የመጀመሪያውን ለምን አጠፉት?» አለች። ስትቆጣ አንቱ ትለኛለች።

ስለ ዲስክ አሠራር መልስ ነበረኝ። አላወጣሁትም።

ሴፕቴምበር 25

ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ሳህን አቀረበች፣ ሳህን አነሣች። ስልክ ጮኸ፣ አላነሣችም። ውሻው አጥሩ ላይ መጣ፣ አየችው እንጂ አልሰደበችውም።

ቤቱ እንዲህ ሊሆን ነው።

ሴፕቴምበር 26

ጠዋት በሩን ከፍታ ምን ቀረ አለችኝ። አንተ ብላ።

ነገርኳት፤ ፋይል ሲሰረዝ የሚጠፋው መጀመሪያ ስሙና ቦታው ነው። ሌላ ካልተጻፈበት ገላው እዚያው ይቆያል። የተሰረዘን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ምን ያህል እንደሚገኝ አላውቅም፤ ስም ግን አይኖረውም።

«ታዲያ ሂድና ሶኮን ሽቦውን ጠይቀው» አለችኝ።

ሄጄ ጠየቅሁት። ልመናውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ አንዱን ሚስቱ እንድትሰማው። ሽቦው አሁን በአጥሩ ላይ ተዘርግቷል፣ ልብስ ተሰጥቶበታል፣ ኃይሉም አይዘልም። ማሽኑ የንጎኒ ፀሐይ እየበላ ያችን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያነባል።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

ድምፆች ወጥተዋል። ብዙ። ግማሾቹ ከመሃላቸው ተቆርጠዋል፣ አንዳንዶቹ ጅምር ብቻ ናቸው። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ቁጥር ብቻ። የቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

«ወንበር አምጣ» አለች።

አመጣሁ። ሁለት።

የመጀመሪያው ላይ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ይከሳል፤ የዶሮዋን ጨጓራ ለወንድሟ ሰጠችብኝ ይላል። የቤቱ ራስ እኔ ሆኜ ሳለሁ ጨጓራውን! ካሱባ በቅጂው ላይ ታስጨርሰዋለች። ከዚያ ጨጓራው የሄደው ወደ አማችህ ነው፤ ክብርህስ ወዴት ሄደ፣ ያንተ ክብር ዶሮ ውስጥ ነው የሚያድረው ስትለው ሰውዬው ራሱ ይስቃል። እዚህ ላይ ይቆረጣል።

«የካኒያማ ሠፈር ሰው ነው» አለችኝ፣ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ። «በዓመቱ ደግሞ ደወለ። ሚስቱ ሞታለች። አየር ላይ እንዳታወጪው አለኝ። ለቅሶ ላይ ዶሮ ታርዶ ጨጓራውን ሰጡኝ፣ እንዴት እንደሚዋጥ ንገሪኝ አለኝ።»

ምን አልሽው አልኳት።

እስኪበቃው ስልኩን ይዤለት ቆየሁ አለች።

እጄ ወደ ስልኬ ሄደ፤ ልቀዳት። አየችኝ።

«አትቅዳው። ይሄን ላንተ ነው የምነግርህ።»

እጄን መለስኩ።

ኦክቶበር 1

ቀኑን ሙሉ ሰማን። የክፍል ትምህርቴን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀኝ። ልመልስለት አስቤ ተውኩት።

ለእያንዳንዱ ስም እንሰጣለን፤ ቀን፣ ጉዳይ፣ የደዋዩ ሠፈር። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀኑን ስትሳሳት አርማታለሁ፤ አንዴ ግን የተሳሳትኩት እኔው ነበርኩ፣ ከፋሲካ በፊት ነው ስትል ልክ ነበረች። ሦስት ቅጂ አለ አሁን፤ አንዱ ሶኮ ቤት፣ አንዱ ለቾላ ተልኳል። የጎደለችውንም መስመር ጽፌያለሁ።

የሚሰማኝ ነገር ጽሑፍ ላይ አይሰፍርም። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይህችን ሴት ያውቋታል። እኔ በየቅዳሜው ጠዋት ለልኬት መስክ ነበርኩ።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ድምፅዋ እየደከመ ነው። ጥቂት ትናገርና ውሃ ትጠጣለች። ዝም በይ፣ አስቀምጪው አልኳት። ለማን አለችኝ።

ቾላ መጣች። ሦስት ወንበር።

ኦክቶበር 7

ነገ ነው።

ዛሬ ያለችኝን እዚህ አልጽፍም። አልቀዳሁትምም። አውቀዋለሁ።

ኦክቶበር 8

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አብሬ ሄድኩ። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጠየቅ ጀመረች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ ወይ። ካሱባ ስሟን ተናገረች፣ ዕድሜዋን ተናገረች።

«ጥርሴ የራሴ ነው» አለች። በሩ ተዘጋ።

ያ ነው የመጨረሻ ቃሏ። ለእኔ ሳይሆን ለነርሷ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅ ያዘኝ። ቾላ የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ።

ኦክቶበር 9

ተሳክቷል ይላሉ። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። አመሰገንኩት። አንገቷ ላይ ቱቦ አለ፤ የምትተነፍሰው በእሱ ነው። አፍና አፍንጫዋ ከእንግዲህ ለአየር አይደሉም።

ተኝታለች። ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከአፏ ምንም አይወጣም፣ ትንፋሽ እንኳ።

ኦክቶበር 12

ሶኮ ሆስፒታል መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እነሆ ቤምባ ዝም ሲል አየሁ፣ ዓለም ሊያልቅ ነው አለ። ነርሷ ልታስወጣው መጣች። የካሱባ ትከሻ ሲነቃነቅ እስክታይ ድረስ ነርሷን ማስቆም አልቻልኩም። ትስቅ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ሳቅ ነው።

ኦክቶበር 15

የተሰበሩትን ቅጂዎች በላፕቶፕ ይዤላት ገባሁ። ትናንት ጽፋ የጠየቀችው ይህንን ነው፤ የቀሩትን እንጨርስ ብላ። መጻፍ ስለሚያደክማት ተስማማን፤ አንድ ጊዜ ካጨበጨበች ይቀመጣል፣ ሁለት ጊዜ ካጨበጨበች ይጣላል። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ነው የምታጨበጭበው፣ ሴቶቻችን ለክብር እንግዳ እንደሚያጨበጭቡት፤ ድምፁ ክፍሉን ይሞላል። አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ድምፁን ከላፕቶፑ ሰምታ፣ የቅዳሜዋ ሴትዮ አይደለችም እንዴ አለችኝ። አልጋው ላይ ያለችውን አሳየኋት። ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ታዳምጣለች።

ብዙዎቹ ለመጣል ቀላል ናቸው፤ የሬዲዮ ሞገድ ጫጫታ፣ ግማሽ ማስታወቂያ፣ የተቆረጠ ሙዚቃ። ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ጭብጨባ። ቶሎ ቶሎ አጠፋሁ። አንዱን ከፈትኩት፤ ወንበር ይንቋቋል፣ ወረቀት ይነካል፣ ያበቃል። ባዶ ነው ብዬ ጣቴን መሰረዣው ላይ አደረግሁ።

አንድ ጊዜ አጨበጨበች።

ያልሰማችው መስሎኝ፣ በዚህ ላይ ምንም የለም፣ ቃል አልጀመርሽም አልኳት። እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሣችው። ደግማ አንድ ጊዜ አጨበጨበች።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ወንበር። ወረቀት። ከዚያ ትንፋሽ ትስባለች፤ በአፍንጫዋ፣ በረጅሙ፣ እንደምን አደራችሁ ልትል እንደተዘጋጀች። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ካሱባ ዓይኗን ጨፍናለች። አንድ እጇ አንገቷ ላይ፣ ቱቦው አጠገብ ነው።

ለሁሉም ስም ሰጥቻለሁ፤ ቀን፣ ጉዳይ፣ ሠፈር። ለዚህኛው የምጽፈው አጣሁና ቁጥሩን እንዳለ ተውኩት። ወንበሬን አስጠጋሁ። ደግሜ ከፈትኩት፤ እሷም ደግማ አጨበጨበች።